እትዬ የደጋገሙት የጥይት ቀዳዳ

እኔን ብሎ ግድግዳ አስጌጭ። የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ቀጥ አድርጌ ተክዬ የማላውቅ አሮጊት ምን አግብቶኝ ነው ቀይ አፈር በጥብጬ የቆምኩት?

ነገሩ የመጣው በእትዬ ነው፣ በባሌ ታላቅ እህት። አምና ከቡሬ መንገድ የተተኮሰ ጥይት የቤታቸውን ግድግዳ በስቶ ገባ። እኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ቀዳዳውን በጭቃ ብደፍነው፣ በማማሰያ ጀርባዬን አነደዱት። ጭቃዬን በጥፍራቸው ፍቀው አወጡና ቀዳዳውን በቀይ አፈር ከበቡት። ከዚያ ያንኑ ክብ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን እየደጋገሙ ቤቱን በውስጥ ሊዞሩት ተነሡ።

«ብቻውን ሲሆን ነው የሚያስፈራው፤ ሲደጋገም ጌጥ ነው» ይሉኝ ነበር፣ ላግዝ ብዬ ክብ ባጣመምኩ ቁጥር ጣቴን እየመቱ።

ዘንድሮ ሁለተኛው ተኩስ እዚያው ግድግዳ ሥር አገኛቸው። ደማቸው ከበጠበጡት አፈር ጋር ተቀላቀለ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ያለው ባዶ ቀረ።

ዛሬ ለአርባቸው ሰው ሳይገባ ባዶውን በክብ ሞላሁት። ባጣመምኩ ቁጥር ጣቴን የሚመቱኝ እየመሰለኝ ዞር አልኩ፤ ማንም የለም።

ጎረቤቴ ገብታ አየችው። «አንቺ ሴትዮ፣ ይኼማ እንቁላል ነው» አለችኝ። «እሳቸው ቢኖሩ ዛሬ የምንቀብረው አንቺን ነበር።»