ነጩ ጨውና የጠቆረው ጠርሙስ

ሥራዬ ውሃ መጠራጠር ነው። ሌላው ሰው ቧንቧ ከፍቶ ይጠጣል፤ እኔ ከፍቼ ጠርሙስ እሞላለሁ። የምሠራባትን ከተማ ስም አልጽፍም፤ ከቆቦ በባጃጅ የሚደረስባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ላቦራቶሪያችን በጦርነቱ ተዘርፎ የተረፈኝ አንድ ካርቶን ጠርሙስ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ውስጥ መመርመሪያ መድኃኒት አለበት። ውሃ ሞልቼ ሙቅ ቦታ አሳድረዋለሁ፤ ከጠቆረ ውሃው ዐይነ ምድር ነክቶታል ማለት ነው። ለሙቀቱ አልቸገርም፤ የቢሮዬ ቆርቆሮ ጣሪያ ይበቃዋል።

ክረምት ሊገባ ሲል ከገበያው በታች ካለው ቦኖ የቀዳሁት ጠርሙስ ጠቆረ። ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም። ዋናው መስመር የገበያውን ፍሳሽ ቦይ አቋርጦ ያልፋል፤ ልክ እዚያ ላይ ተሰንጥቋል። ውሃ ሲለቀቅ ስንጥቁ ወደ ውጭ ይተፋል፣ ሲቋረጥ የቦዩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። የእኛ ውሃ ደግሞ ከሚመጣበት ቀን የሚጠፋበት ይበልጣል። ደብዳቤ ጻፍኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ሁለተኛ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ራሴ ይዤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዬ ፊት ቆምኩ።

«እሺ፣ ይታያል» አለኝ። ኃላፊዬን እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንቱ አልለውም፤ ፊት ለፊት ያልኩት ይበቃዋል።

ሳምንት ሳይሞላ ጤና ጣቢያው በተቅማጥ በተያዙ ሕፃናት ሞላ። ገና ድክ ድክ የምትለው የጎረቤቴ ልጅ ዐይኗ ጎድጉዶ፣ እናቷ ጉልበት ላይ እንደ ጨርቅ ተጥላ አየኋት። ሦስቱን ደብዳቤዎች ያንን ሰውዬ ላስበላው ፈለግኩ። ከተማው የሚያወራው ግን ስለ ቦይ አልነበረም። ውሃው ተመርዟል ተባለ። ማን መረዘው? ጠላት። የትኛው ጠላት? እሱን ሁሉም እንደየቂሙ ሞላው። አንድ ቧንቧ ለማስጠገን ሰው አጣሁ ይል የነበረው ኃላፊዬ ደግሞ በአንድ ቀን አራት ታጣቂ አግኝቶ ኮረብታው ላይ ያለውን ማጠራቀሚያ አስከበበ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ታጣቂዎቹ አንድ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ከዞብል ተራራ በኩል ከብት ነድተው የወረዱ ናቸው። ከማጠራቀሚያው የተረፈው ውሃ ወደ ታች ወርዶ የሚጠራቀምበት ገንዳ አለ፤ ከብታቸውን ዘወትር እዚያ ያጠጣሉ። ውሃ የተጠማን መከልከል ነውር በሆነበት አገር ማን ይከለክላቸዋል? ያን ቀን ግን በጨርቅ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ተገኘባቸው።

ቋጠሮውን የስብሰባ ጠረጴዛችን ላይ ፈቱት። ኃላፊዬ አለ፣ ከጸጥታ የመጣ ሰውዬ አለ። ሽማግሌው በር ላይ ቆመዋል፤ ወንበር እንኳ የሰጣቸው የለም።

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» አለ ኃላፊዬ። «መርዝ መሆኑን ጽፈሽ ፈርሚ።»

«ሳልመረምር?»

«ሕዝቡ እየጠበቀ ነው።»

«ወላሂ ጨው ነው!» አሉ ሽማግሌው ከበሩ። «ለከብት ነው፣ ልጄ። አፋሮቹ ናቸው የሚያመጡልን። ጨው ያልላሰ ከብት መች ደህና ይጠጣል?»

ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም። ደሜ ፈላ። ባለሙያ ያላወቀውን ነገር አይቀምስም፤ እኔ ግን ጣቴን ዱቄቱ ውስጥ ከትቼ ወደ አፌ ወሰድኩ። እውነቱን ልናገር፤ ጣቴ ከንፈሬ ጋ ሲደርስ ልቤ ደንግጧል። የሳምንቱ ወሬ እኔም ውስጥ ገብቶ ኖሯል። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ጨው ነበር። ትንሽ መረር የሚል የአፋር ጨው።

«ጨው ነው» አልኩ። «መርዝስ ቢሆን፣ ገንዳው ያለው ከማጠራቀሚያው በታች ነው። ውሃ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?» ከቦርሳዬ የጠቆረውን ጠርሙስ አውጥቼ ከጨው አጠገብ አስቀመጥኩ። «መርዙ ይኸውላችሁ። ከገበያው ቦይ ነው የመጣው።»

የጸጥታው ሰው ጠርሙሱን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አደረገው። «የቦዩን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አለ። ሽማግሌው ለማጣራት ይቆዩ ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ሲወስዷቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ከብቶቼን ማን ይይዝልኛል?» ታጣቂዎቹ ወደ ውጭ መሯቸው። እኔ ጨው መሆኑን ለመጻፍ ወረቀት አወጣሁ።

ሦስት ቀን አሰሯቸው። ሦስቱንም ቀን ጠዋት ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ ጨው መሆኑን የጻፍኩበትን ወረቀት አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ተለቀቁና ቋጠሯቸውን ሊወስዱ ወደ ግቢያችን መጡ። ከብቶቹን አንድ ዘመዳቸው ሰብስቧቸዋል፤ ሁለቱ ግን ጠፍተዋል። ቋጠሮውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ውሃ አጠጪኝ።»

ቧንቧው ከእኛ ሦስት እርምጃ አይርቅም። ከሱ የቀዳሁት ጠርሙስ የዚያን ዕለት ጠዋት ጠቁሮ ነው ያገኘሁት። ከቤት አፍልቼ የማመጣው ውሃ አልቋል። ይባስ ብሎ አንዱ ታጣቂ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብሎ ይጠጣል፤ እንዳይጠጣ በዋዜማው ነግሬው ስቆብኝ ነበር።

«ከዚህስ አይጠጡ፣ አባባ» አልኩ።

ታጣቂውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጨዌን ቀምሰሽ መሰከርሽልኝ» አሉ። «አሁን ውሃ ትከለክይኛለሽ?»

«እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም፣ ውሃው ነው የተበላሸው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ተበላሸ ውሃ ሲጠየቁ የከረሙ ሰው ናቸው።

ሮጬ ከማዶ ሱቅ የታሸገ ውሃ ገዛሁ። ስመለስ አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ምሥራቅ፣ የዞብልን መንገድ ጀምረዋል። ደረስኩባቸውና ክዳኑን ከፍቼ ዘረጋሁላቸው።

«ይቅር፣ ልጄ» አሉኝ፤ እጃቸውን ከቋጠሮው ላይ አላነሱም። «አገሬ ስገባ እጠጣለሁ።»