ሃምቡርግን ያስተማረኝ ጆንያ

የትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም፣ ስለ ሃምቡርግ ወደብ እንደ እኔ የሚያውቅ ሐበሻ አትላንታ ውስጥ የለም። ትናንት የእህቴ ልጅ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ በከፈተው ቡና መቁያ ቤት ጆንያ ሲወርድ፣ የቃጫው ሽታ ድሬዳዋ ወሰደኝ።

በወጣትነቴ እዚያ ቡና ተሸካሚ ነበርኩ። አዛውንቱ ጋሽ ወርቁ በየጆንያው ላይ ቡናው የሚሄድበትን ወደብ ስም በብሩሽ ይጽፋሉ፤ እኔ ያን ብሩሽ ተመኘሁ።

«ቡናው የት ይሄዳል?» አሉኝ ብሩሹን ብጠይቃቸው።

«ሃምቡርግ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ።»

ሳቁብኝ። «አንተ ትከሻ ብቻ! ሃምቡርግ ከባሕር ርቃ ወንዝ ላይ ናት፤ መርከቡ ሽቅብ ይመጣላታል። ነጋዴዎች ያለ ንጉሥ ያስተዳደሯት ከተማ ናት፤ ቡናችን ከጀልባ ላይ በገመድ ተስቦ መጋዘን ይገባል። አገሩን የማያውቅ ስሙን አይጽፍም!»

ያገኘሁትን ላኪ ነጋዴ ሁሉ ስጠይቅ ከረምኩና አንድ ቀን ከእሳቸው የበለጠ አወራሁላቸው። ብሩሹን አቀበሉኝ።

«አጎቴ፣ ይሄ ጆንያ እኮ በሳቫና ወደብ ነው የገባው» አለ ይህን ሁሉ ያጫወትኩት የእህቴ ልጅ።

«ሳቫናም ወንዝ ላይ ናት።»

«ኖ ዌይ!» ጉግል አደረገና ጆንያው ላይ ሊጽፍበት የያዘውን ማርከር አቀበለኝ።

ፊደል ከጆንያ ላይ ለቀምኩ። ሃምቡርግን፣ ማርሴይን፣ ትሪየስትን በእጄ ጻፍኩ። ትናንት ደግሞ መርከብ የማይደርስባትን አትላንታን ጨመርኩ።