ጭብጨባው የተቆረጠበት ካሴት

ያ ክረምት ልብስ አልደርቅ ያለበት ክረምት ነበር። ውጭ ዝናቡ አያባራም፤ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ግን የካውያው እንፋሎት መስኮቱን ጉም ያለብሰዋል፣ የእርጥብ አንሶላው ሙቀት አጥንት ድረስ ይገባል። እዚያ የሠራች ሴት ሁሉ ያን ክረምት ስታነሣ ዛሬም ፊቷ ይፈካል።

ልብስ የሚተኩሱት ሴቶች አለቃ እትዬ ካውያ ትባል ነበር፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ነበራት። አንድ የድሮ የአሜሪካ የሶል ሙዚቃ ዘፋኝ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ፊት ሲዘፍን የተቀዳ አልበም ነው። ቋንቋውን አታውቀውም።

«ምን ይላል?» ሲሏት፣ «እኔ ምን አውቄ! ብቻ የከፋው ሰው እንዲህ ደስ ብሎት ሲዘፍን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ትላለች።

ከዘፋኙ ይልቅ የምትወደው ታዳሚውን ነበር። አንዲት ሴት ከት ብላ ትስቃለች። አንድ ዝግ ያለ ዘፈን ሊጀመር ሲል አንድ ሰውዬ ይስላል። ሦስተኛው ዘፈን መሀል ደግሞ ዘፋኙ ግጥሙ ይጠፋውና ዝም ይላል፤ ያኔ አዳራሹ በሙሉ ተቀብሎ ይዘፍንለታል። እዚያ ሲደርስ እትዬ ካውያ እንደ አዲስ፣ «ይኸው! አልጣሉትም!» ትላለች።

አንድ ቀን ቴፑ የካሴቱን ክር በላው። የታናሽ እህቷ ባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነውና፣ «እትዬ፣ ለኔ ተይው» ብሎ ወሰደው። ሲመልስ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ቀጠልኩት። ጭብጨባውንም ጫጫታውንም በሙሉ ቆርጬ አወጣሁልሽ። አሁን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ዘፈን ነው!»

ተከፈተ። ሳቂዋ ሴት የለችም። ሳሉ የለም። ዘፋኙ ባዶ ቤት ብቻውን የቀረ መሰለ።

«የቆረጥከውስ?»

«ጣልኩት እኮ።»

ልፋቱን አይታ «እጅህ ይባረክ» አለችው። ቴፑ ግን ያን ቀን ዳግመኛ አልተከፈተም።

በማግስቱ አንሶላ አጣፊዋ፣ «ምነው እትዬ፣ ሐዘን ተቀመጥሽ እንዴ?» አለቻት።

«ሰዎቼ ሄዱብኝ።»

«እኛስ? ሰው አይደለንም? ክፈቺው እስቲ!»

ተከፈተ፤ አጣፊዋም ወዲያው ሳቀች።

«ኧረ ቆይ! ገና ነው! ከበሮው ሁለቴ ይመታ!»

እትዬ ካውያ እንዲህ እያለች ለእያንዳንዷ የምትስቅበትን ወይ የምታጨበጭብበትን ቦታ ሰጠቻት። ግጥሙ የሚጠፋበት ቦታ ሲደርሱ እትዬ ካውያ ቴፑን ታቆመዋለች፤ ሴቶቹ ትርጉሙን በማያውቁት ቃል አዳራሹን ሆነው ይዘፍናሉ፤ መልሳ ትከፍተዋለች። ዘፋኙም ያመሰገናቸው ይመስል ከፍ አድርጎ ይቀጥላል።

ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ሬዲዮ ጠጋኝ በር ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«አንተ ያባረርካቸውን እየተካን!» አለች አጣፊዋ።

ደነገጠ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ አስቀየምኩሽ?»

«አዎ፣ አስቀይመኸኛል። በል ግባና ሳል። የሰውዬው ቦታ ክፍት ነው።»

ሳለ።

«ምን ነካህ! ይሄማ የበሽተኛ ሳል ነው። እሱ እኮ ደስታ አንቆት ነው የሚስለው!»

እየደጋገመ ሲስል፣ ሴቶቹ በሳቅ እየወደቁ ሲነሡ፣ በመጨረሻ ራሱም ሳቁ አመለጠውና ትንታ ያዘው። «አሁን ሆነ!» ብላ እትዬ ካውያ አጨበጨበችለት። ከዚያ ወዲያ ሱሪው ቢተኮስም ባይተኮስም ከሥራ መልስ ጎራ ማለት ልማዱ ሆነ።

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። እትዬ ካውያ አሁን የምትኖረው ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከእህቷና ከሬዲዮ ጠጋኙ ጋር ነው። ማታ ካሴቱ ሲከፈት ዛሬም የሚስለው እሱ ነው።