የእሜቴ መሪ

የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ ጡንቼ ይለው ነበር። የድሮ መኪናውን መሪ በቆመችበት በአንድ እጁ ስለሚያዞር ነው። መኪናዋ በዕድሜ እሱን ታክላለች፤ እሱም እንደ ትልቅ ወይዘሮ አክብሮ «እሜቴ» ይላታል። መሪዋ ድንጋይ ነው። ልሞክራት ብሎ የገባ ሁሉ ጥርሱን ነክሶ፣ አልቦት ይወጣል። ጡንቼ ይህን ማየት ይወድ ነበር፤ ቁልፉን ለሰው የሚያውሰውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ሲነሣ ግራ እጁ ከድቶታል። ሐኪሙ «ቀስ በቀስ ይመለሳል» አለ፤ እውነትም እጁ ብርጭቆ እስከ መያዝ ደረሰ። ያልተመለሰው ሰውየው ነው። ሴት ልጁ የወለደችውን ሕፃን አምጥታ ስታሳቅፈው «ቆንጆ ነው» አለና መልሶ ሰጣት። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ደጅ ላይ ሸራ ለብሳ የቆመችውን እሜቴን ያይ ጀመር። እሷንም ቢሆን ናፍቋት አይደለም፤ ዓይን መቼም አንድ ቦታ ማረፍ አለበት።

ሚስቱ ግን ሌላ ነገር አሰበች። «መሪ ቢጨብጥ ነፍሱ ትመለስ ነበር» አለችው ታናሽ ወንድሙን። ወንድሙ መካኒክ ነው። ሁለቱ ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ወንድምየው «ጋሼ፣ የእሜቴ ፍሬን ይታይ» ብሎ መኪናዋን ወሰዳት። ጡንቼ እንኳን ለፍሬን፣ ለሽያጭም ብትሄድ አይጠይቅም ነበር።

በተመለሰች ቀን ወንድሙ ጎትቶ መሪው ጋ አስቀመጠው፤ ራሱ ከኋላ፣ ሚስቱ ከጎን ተቀመጡ። ጡንቼ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አወቀ። መሪዋ በጣት ዞረ። ከዳሽቦርዱ ሥርም ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ የመሰለ ድምፅ ተሰማ።

«አየህ፣ እጅህ እኮ ድኗል» አለች ሚስቱ።

«ጡንቻ አይረሳም፣ ጋሼ» አለ ወንድሙ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

ያ ሁሉ ምስጋና የሚጎርፍለት ግራ እጅ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። መሪውን የያዘው ቀኙ ነው። ሁለቱም በደስታቸው ይህን ልብ አላሉም።

ደጅ ሲደርሱ ሁለቱ ቀድመው ወረዱ። ጡንቼ ቁልፉን አውቆ ጣለና ጎንበስ ብሎ አየ። የወተት ጣሳ የምታክል፣ መሪ የምታቀል የኤሌክትሪክ ሞተር የመሪውን ዘንግ አቅፋ ተቀምጣለች። ዘንጉ ተቆርጦ ተበይዷል፤ ብየዳው ንጹሕ ነው፣ የወንድሙ እጅ አይታማም። ከጎኑ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የምትዞር ጉጥ አለች፤ እስከ ጥጓ ተጠምዝዛለች። ጎንበስ እንዳለ ንዴቱን ጠበቀ። አልመጣም።

ቁልፉን ይዞ ቀና ሲል በመስተዋቱ ሚስቱን አያት። ከወንድሙ ጋር ቆማ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ መንዳት አስተምረኝ ብላው ነበር። «የእሜቴ መሪ የወንድ ትከሻ ይፈልጋል፣ አትችያትም» አላት። ሁለተኛ አልጠየቀችውም። እሱ መንገድ ሲወጣ ልጅ ቢታመም አዝላ በእግሯ ሐኪም ቤት ትሄድ ነበር፤ እሜቴ ሸራዋን ለብሳ ደጅ ቆማ።

ወረደና በሩን ክፍት ተወው።

«ግቢ» አላት።

«የት?»

«መሪው ጋ።»

ወንድምየው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እሷ ባሏን አየችው፣ በሩን አየችው፣ ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። በአንድ ጣቷ መሪውን ወደ ግራ አዞረችው፣ ወደ ቀኝ መለሰችው።

«አውቀሃል» አለችው።

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ብሏችሁ ነበር።»

እጇን ከመሪው ላይ አላነሣችም። ቅለቱን ማመን ያቃታት ይመስል ደግማ አዞረችው።

«ይኸው ነው እንዴ?» አለች። ለእሱ አልነበረም የተናገረችው። «ያን ሁሉ ዘመን የተከለከልኩት ይህቺኑ ነው?»

ጡንቼ አፈረ። ከወደቀባት ጠዋት ወዲህ የተሰማው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ዞሮ በወዲያኛው በር ገባና ቁልፉን ሰጣት። በዚያ በኩል ተቀምጦ ስለማያውቅ የመስኮቱ ማዞሪያ የት እንዳለ እንኳ ጠፋው።

ሚስቱ ሞተሩን አስነሣች፤ እሜቴ አንዴ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ።

«ክላቹን ቀስ እያልሽ ልቀቂው» አላት። «እንደገና።»