ወንድሜን ልመልስ ወደ ኮልፌ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ታናሽ ወንድሜን ታደሰን ይዤው ለመመለስ ነው። የሒሳብ ሥራ እንዲማር አዲስ አበባ ከላክነው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጥምቀት እንዳለፈ በሰው እጅ የደረሰን ደብዳቤ ግን ትምህርቱን ትቶ፣ ኮልፌ ከሚኖሩ ጓደኞቹ ጋር አኮርዲዮን እንደሚጫወት ይናገራል። እማዬ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «አዝማሪ ሊሆን ነው?» አለች። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ጴንጤ ሆኗል አሉ» ብላ ጨመረችበት። እኔ አስተማሪ ነኝ። ስንት ደጅ ጠንቼ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የጸሐፊነት ሥራ አግኝቼለታለሁ። ቦታው የሚቆይለት እስከ ሰኞ ጠዋት ብቻ ነው።

«ለምነሽም ቢሆን፣ ተቆጥተሽም ቢሆን አምጪልኝ» አለችኝ እማዬ፣ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኝ።

የአጠገቤ መስኮት አልዘጋ ብሎ እስከ ሸኖ ድረስ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ተጓዝኩ። ሸኖ ላይ ቁርስ ተባለና ወርደን በስሙኒ ሻይና አምባሻ ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ወጣች። እስከ ሰንዳፋ ድረስ በግራና በቀኝ ጤፍ ይወቃል፤ በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፤ ገለባው በነፋስ እየተነሳ መንገዱን ያቋርጣል። እኔ ግን ለታደሰ የምለውን በልቤ እያጠናሁ ነበር። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ግልጽ ሆኖ የታየኝ እስከ ኮተቤ ድረስ ብቻ ነው።

ኮልፌ፣ ስድስት ሰዓት

ከመርካቶ ኮልፌ በሰይቼንቶ ታክሲ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር ተጣብቄ ሄድኩ። ደብዳቤው ላይ ያለው አድራሻ «ከገበያው በላይ» ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ቦኖ ላይ ውሃ የምትቀዳ ሴት አኮርዲዮን ስለሚጫወት ልጅ ብጠይቃት፣ «ከጴንጤዎቹ ልጅ ጋር ያለው? ወደ ላይ ውጪ» አለችኝ። የጎረቤታችን ወሬ እውነት መሰለኝ። ትንሽ ራመድ ብዬ አንድ ልብስ ሰፊ ጠየቅኩ። «የሸምሱ ጓደኛ ነዋ፣ እስላሞቹ ግቢ ነው የማይጠፋው» አለኝ። ግራ ተጋባሁ። ሦስተኛው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ፣ «ቅዳሴ የማያስታጉለው የደብረ ብርሃኑ ልጅ? እግዚአብሔር ይባርከው፣ ጨዋ ነው» አሉኝ። ስለ ሦስት ልጆች የሚነግሩኝ መሰለኝ። ሦስቱም ግን የጠቆሙኝ አንዱን በር ነበር።

በሩ የሸምሱ ወንድም የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ታደሰ ጣውላ ላይ ተቀምጦ አኮርዲዮኑን አቅፏል። ሲያየኝ ዘሎ ተነሳ።

«እትዬ! እማዬ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። አንተ ምን ሆነህ ነው እንጂ!»

ሸምሱ ጊታሩን አስቀምጦ ወንበር አመጣልኝ። አጠገቡ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ አለች፤ ማርታ ትባላለች፤ የምትዘፍነው እሷ ናት። ቦኖው ላይ «የጴንጤዎቹ ልጅ» የተባለችው እሷ መሆኗ ገባኝ።

ያጠናሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ታደሰ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ነገ ሰርግ አለብን፣ እትዬ።»

«ሌላ ሙዚቀኛ ጠፍቶ ነው?»

የመለሰችልኝ ማርታ ናት። «ባለሰርጎቹ ሁለት ቦታ ጠይቀው እምቢ ተብለዋል። የሙሽራዋ አባትና እናት የሥጋ ደዌ ታመው የዳኑ ናቸው። የታከሙበት ሆስፒታል አጠገብ ያለው ሰፈር ነው፣ እኔ ልጆች ፊደል የማስቆጥርበት። እዚያ ማንም መጫወት አይፈልግም።»

ነጠላዬን ወደ ራሴ ሰበሰብኩ። «አንተ ትገባለህ?» አልኩት።

«ድነዋል እኮ። ደግሞ...» ቃል ፈለገ። «ስንጫወት ሰው ሌላ ሰው ይሆናል፣ እትዬ። ደግ ይሆናል። ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። ይህን ካየሁ በኋላ ወደ ሒሳብ መዝገቡ መመለስ አቃተኝ።»

ያን ቀን ማርታ ቤት አደርኩ። እናቷ ራት አቅርበው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ እኔ አማተብኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም።

እሁድ፣ ወደ አየር ጤና

የመጨረሻው የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ታደሰን ከሰርጉ ጎትቼ ለማውጣት ወስኜ አብሬያቸው ሄድኩ። በጦር ኃይሎች አድርገን በጅማ መንገድ አየር ጤና ደረስን። ባለታክሲው የምንሄድበትን ሲሰማ ዋናው መንገድ ላይ አወረደን፤ ከዚያ በባሕር ዛፍ መሃል በእግራችን ወረድን።

ዳሱ በሸራ የተከለለ ነው፤ ብዙ አግዳሚ ባዶውን ተቀምጧል። ሙሽራው አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ዘመዶቹ መጥተዋል፤ ግን ከአጥሩ ውጭ፣ አጎቱ ፊት ለፊት፣ ሌሎቹ ከኋላው ቆመዋል። አይገቡም፣ አይሄዱም።

የሙሽራዋ አባት፣ አባባ ወልዴ፣ ሊቀበሉን መጡ። ጣቶቻቸው አልቀዋል። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እንደያዝኩ ጎንበስ ብቻ አልኩ። ታደሰ አየኝ።

«ግድ የለም» አሉ ሽማግሌው ቶሎ ብለው። «ከሩቅ አገር ነው የመጣችው፣ ደክሟታል።»

ለእኔ ሰበብ ፈለጉልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሙዚቃው ተጀመረ። ማርታ ስትዘፍን ድምጿ ከዚያች ቀጭን ሰውነት የወጣ አይመስልም። አባባ ወልዴ ዓይናቸውን ከታደሰ ጣቶች ላይ አላነሱም። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ልጃገረድ መወዛወዝ ጀመረች፤ ከዚያ ጓደኛዋን ይዛ ገባች። አጎትየው ተጣራ። አንዷ ተመለሰች፤ አንዷ አልሰማችም፣ ወይም ያልሰማች መሰለች። ሙሽራዋ ሮጣ አቀፈቻት።

አባባ ወልዴ ተነሱ። እስክስታ ጀመሩ። ትከሻቸውን በሽታ ነክቶት አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ትከሻ አገሬም አላየሁም። እየጨፈሩ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለሰባት አሥር ጉዳይ ነው። እጅጌዬን ሰዓቱ ላይ መለስኩትና ተነሳሁ።

ምን ያህል እንደጨፈርን አላውቅም። ዘፈኑ ሲያልቅ ክንዳቸውን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ፈርቻለሁም፣ ደስ ብሎኛልም፣ አልቅሻለሁም። ሰዓቴን እንደገና ሳይ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ዘንግቼ ይሁን አውቄ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አጎትየውና አብዛኞቹ ዘመዶች ምንም ሳይቀምሱ ሄደዋል። ያቺ ልጅ ግን ገና ትጨፍራለች።

ሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

አውቶቡሱ አምልጦኝ ኮልፌ አድሬ፣ ብቻዬን ተመለስኩ። ታደሰ እስከ አውቶቡሱ ሸኝቶ «ተቀየምሽኝ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት፤ እውነቴን ነው።

በጽሕፈት ቤቱ በኩል ሳልፍ ቦታው ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገሩኝ። ለአንድ ወንድሜ የእንጀራ መንገድ ዘግቼበት ይሆናል። እነዚያ ሦስት ልጆች ዓለምን አልለወጡም፤ አንዲት ልጅ ከአጥር ወዲህ አሻገሩ፣ እኔንም ከአግዳሚ አስነሱኝ። ይህ ብዙ ይሁን ጥቂት መመዘን አልቻልኩም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አይለወጥም የሚል ሲያጋጥመኝ እሺ ብዬ ማለፍ ያቅተኛል።

ለእማዬ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አለችኝ መጨረሻ ላይ።

«ምን ነክቶት?»

ተቆጥታ ይሁን አዝና ከፊቷ ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። በኋላ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ ሲጫወት ያምርበታል?»

«ያምርበታል፣ እማዬ» አልኳት። ከዚያ ሁሉ መንገድ ይዤው የመጣሁት፣ ያልተጠራጠርኩበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።