እንዳይደርቅ ያልኩት ድንጋይ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ ብርሃኔ መጀመሪያ ያዘዙኝ ምላሴን እንዳወጣ ነው።

ሱቃቸው አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ቅያስ ውስጥ ነበር። ከሰዓት ጥገና ወደ ድንጋይ ንግድ የዞሩ ሰው ናቸው። ያልተቆረጠና ያልተወለወለ የከበረ ድንጋይ እየገዙ አዲስ አበባ ላሉ ቆራጮች ይሸጣሉ። ግድግዳው ላይ የንግድ ፈቃዳቸውና አንድ የቆመ ሰዓት ተሰቅለዋል። ሰዓቱን ለምን እንደማይጠግኑት ስጠይቃቸው፣ «ሻጭ ሰዓት እያየ እንዳይጣደፍ» አሉኝ።

ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በመጠንም በመልክም ልዩነት አላየሁባቸውም።

«ላሳቸው» አሉኝ።

«ታጥበዋል?»

«አሁን አንተ ታጥባቸዋለህ።»

የመጀመሪያው እንደማንኛውም ጠጠር ቀዝቃዛ ነበር። ሁለተኛው ምላሴ ላይ ተጣበቀ፤ ላላቅቀው ስል ቆነጠጠኝ። ጋሽ ብርሃኔ ሳቁ። «እሱ ኦፓል ነው። ደረቅ የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠማዋል፤ ምራቅህን ይጠጣል። ያኛው ከመንገድ ያነሳሁት ነው።»

ትምህርቱን በትምህርት ቤት አላገኘሁትም። አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ያየሁትን ድንጋይ ሁሉ መዘገብኩ፦ ክብደቱን በግራም፣ መልኩን፣ ስንጥቁን፣ የወጣበትን ቦታ፣ ያመጣውን ሰው። መሣሪያዬ ሦስት ነበር፤ ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት ማጉያ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪና የኪስ ሚዛን። አንድ ድንጋይ ላይ ብዙ ስቆይ ጋሽ ብርሃኔ፣ «ይህን ያህል ከመረመርከው ልታገባው ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ወደ መቂ፣ ባቱና ላንጋኖ እወርዳለሁ። ላንጋኖ ዳር አንድ ጎልማሳ አረንጓዴ ድንጋይ በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ኤመራልድ ነው አለ። በማጉያው ሳየው ውስጡ ክብ ክብ የአየር አረፋ አለበት። ሐይቁ እያንከባለለ ስለቱን አጥፍቶለታል እንጂ ብርጭቆ ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄ የቢራ ጠርሙስ ስባሪ ነው» አልኩት።

ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሳውና ረጋ ብሎ አየው። «ቢራውን ማን ጠጥቶት ይሆን?» አለ። ሻይ ጋበዘኝ፤ እኔም ሳልገዛው ተለያየን።

ከደሞዜ እየቆጠብኩ ለራሴም መሰብሰብ ጀመርኩ። ሠላሳ እንቁላል የሚይዝ ካርቶን አገኘሁ፤ በየጉድጓዱ አንዳንድ ድንጋይ ከነስሙ አስቀምጣለሁ። አብዛኛው ርካሽ ነው፤ ከመንገድ ዳር የተገዛ ባልጩት ይበዛበታል። አንዱ ብቻ የእርግብ እንቁላል የሚያህል ኦፓል ነበር። ሳዞረው ውስጡ ያለው እሳት የመሰለ ብልጭታ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይሄዳል። ከመተኛቴ በፊት ሳላየው የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጋሽ ብርሃኔ በየጊዜው፣ «ዛሬስ?» ይሉኛል። «አይሸጥም፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ባቱ ስወርድ ከአስፋልቱ ወደ ገበያ የሚወስዱኝ ባለ ጋሪው ኦቦ ገመዳ ነበሩ። አንድ ቀን ፈረሳቸው እያነከሰ አገኘሁት። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» አልኳቸው። «እኔ ደህና ነኝ። ፈረሱ ነው ጡረታ የጠየቀኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የወንድማቸው ልጅ ከወሎ ድንጋይ እንዳመጣላቸው፣ እሱን ሸጠው ፈረስ መግዛት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከጋሪው ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ኦፓል አወጡ፤ ጡጫ ያህላል። ገና ከመሬት የወጣ ስለሆነ ውሃ እንደያዘ ነው። በባትሪ ሳበራበት ከአንዱ ጥግ ቀይ ብልጭ አለ። ስንጥቅ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ያን ያህል ትልቅ ድንጋይ ያለ ጋሽ ብርሃኔ መግዛት አይፈቀድልኝም ነበር። እንዲህ ያለ ኦፓል ደግሞ በባቱ ሙቀት ባንድ ጊዜ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

«በአሥር ቀን ውስጥ ጋሼን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳይደርቅ ይጠብቁልኝ» አልኩ።

ኦቦ ገመዳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጋሪ ጠፍር እያዩ፣ «በዚህ አታስብ። እንዳይደርቅ መጠበቅ የኔ ሥራ ነው» አሉ።

በአሥረኛው ቀን ጋሽ ብርሃኔን ይዤ ደረስኩ። አዴ ጫልቱ ጥቅሉን ሲፈቱ ቀድሞ የደረሰን ሽታው ነው። ድንጋዩ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። ጋሽ ብርሃኔ በጨርቅ ጠርገው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። አልተጣበቀም።

«ቅቤ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «የበሰለ ቅቤ።»

«ጠዋትና ማታ ቀባሁት» አሉ ኦቦ ገመዳ፣ እንደ ጥሩ ሠራተኛ። «ለጠፍሩ እንኳ እንዲህ አልደክምም።»

ጋሽ ብርሃኔ በር ላይ ጠሩኝ።

«ምን ብለሃቸው ነው?»

«እንዳይደርቅ ይጠብቁት ብዬ።»

«በምን?»

ያን ቀን ያልኩትን በልቤ ደገምኩት።

«ውሃ የሚል ቃል ተናግረሃል?»

«አልተናገርኩም።»

«እኚህ ሰው ቆዳ እንዳይደርቅ በምን እንደሚያለሰልሱ አታውቅም?»

አውቃለሁ። ጋሪያቸው ላይ ስቀመጥ ጠፍሩ ሁልጊዜ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። የድንጋዩ ውሃ ሲወጣ ቅቤው ገብቷል። ድንጋዩን በግራም የመዘንኩ ሰው ቃሌን አልመዘንኩም።

አዳማ ስንመለስ ካርቶኔን ከፍቼ የእርግብ እንቁላሏን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ጋሽ ብርሃኔ «ዛሬስ?» አላሉኝም። አዩዋት፣ መዘኗት፣ የሚገባትን ከፈሉኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ባቱ ሄድኩ። ድንጋዩን ልግዛዎት አልኳቸው። ኦቦ ገመዳ ገንዘቡን አልነኩም።

«ጋሽህ አይረባም ብለውኛል። የምትገዛው ድንጋዩን ነው ቅቤውን?»

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ውሃ ማለት ነበረብኝ።»

«ምጽዋት አልቀበልም።»

አዴ ጫልቱ ከጓዳ ሆነው፣ «ገበያ ውስጥ እንቁላል የሰበረ ሰው የሰበረውን ይገዛል። ይሄ ምጽዋት ነው እንዴ?» አሉ።

ኦቦ ገመዳ አሰቡበት። «እሱስ የገበያ ሕግ ነው» አሉና ተቀበሉኝ። በቀጣዩ ወር አስፋልቱ ዳር የጠበቀኝ ፈረስ ቡላ ነበር። ጠፍሩ እንደወትሮው ያበራል።

አሁን ጋሽ ብርሃኔ ሱቁን ዘግተው ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ቤቱ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። እኔም የምገዛው ለካርቶኔ ብቻ ነው። በዚያ ቅያስ ሳልፍ ግን እስካሁን ምላሴን የሆነ ነገር የያዘው ይመስለኛል።

ቢጫውን ድንጋይ ጋሽ ብርሃኔ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን ውስጥ ዘፍዝፈው ሞክረውት ነበር፤ ቅቤው አልለቀቀም። የካርቶኑ አንድ ጉድጓድ ስለማይበቃው የአራት ጉድጓዶችን ግድግዳ ቆርጬ በአንድ ላይ አስቀመጥኩት። ከሥሩ «ባቱ፣ ቅቤ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ድንጋይ ለምትገዙ፦ ሻጩ ዘንድ ኦፓል ትታችሁ ስትሄዱ «እንዳይደርቅ» አትበሉ። «ውሃ ውስጥ አስቀምጡት» በሉ።