አስቀያሚ አድርጌ የሳልኳት ፍንጭት

«ያቺን የካርቱን ሥዕልህን የሰረቅኳት እኔ ነኝ!» አሉኝ ዛሬ አዳማ መናኸሪያ ያገኘኋቸው የቀድሞው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ከመሠረተ ትምህርት የምትቀር ሰነፍ ሴት አስቀያሚ አድርጌ እንድስል አዘዙኝ። ፀጉሯን አንጨባረርኩት፣ ዓይኗን አፈጠጥኩት፣ የፊት ጥርሶቿንም አራራቅኳቸው።

ሥዕሉ ቀበሌው በር ላይ ሲለጠፍ ጎረምሳው ሁሉ ከፊቷ አልነቃነቅ አለ። «ፍንጭቷ ስታምር!» ይላሉ። ከጎኗ የሳልኳትን ጎበዝ ተማሪ ዞር ብሎ ያየ የለም።

ሊቀ መንበሩ አስጠሩኝ። «አስቀያሚ ሳል አልኩህ እንጂ ሙሽራ አልኩህ?»

በዚያ ዘመን ከሊቀ መንበር ጋር ክርክር የለም። ሮጬ ፀጉሯን ይበልጥ አንጨባረርኩት፣ ጥርሶቿንም ይበልጥ አራራቅኳቸው። ተመልካቹ እጥፍ ሆነ! (በፍንጭት አገር ፍንጭት ስሎ አስቀያሚ ነው ማለት የኔ ጥፋት ነው።)

በሳምንቱ ሥዕሉ ጠፋ። ቀደዱት ብዬ ስንት ዓመት አዘንኩ።

«እና እስካሁን አስቀምጠዋታል?» አልኳቸው።

«ሳሎን ተሰቅላለች። ባለቤቴ ‹ጣውንቴ› ነው የምትላት» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ነገ ምሳ ጠርተውኛል፤ ላያት ነው።

እናንተስ፣ እንድትጠሉት ተስሎ እናንተ ግን የወደዳችሁት ካርቱን የቱ ነው? ንገሩኝ እስቲ፣ አልስቅባችሁም።